ከሱሉልታ ድርቆሽ እስከ ሰበታ ዕድር ቤት

ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ አያምርበትም ይባላል። እኔ ግን ስለ እኔ የሚያወራልኝ ሰው ስለሌለ ራሴው አወራለሁ። ስሜ ጥላሁን ነው፤ ማዕረጌ ሳጅን። በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ የሰፈር ፖሊስ ሆኜ አርጅቻለሁ። በነዚህ ሦስት ከተሞች እኔን የሚስተካከል የሰፈር ፖሊስ አልነበረም፤ ነበር የሚል ካለ ስሙን ይጥራልኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግ ጥራዙ እስኪላቀቅ አንብቤ መልሼ በሙጫ አጣብቄዋለሁ። ኦሮምኛውን ከሱሉልታ ገበያ ለቀምኩት፤ ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማኝ ሰው የአገሩ ተወላጅ ነው ይለኛል። ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩትንም በየቋንቋቸው ሰላም እላቸዋለሁ። የሰው ፊት ማንበብን ግን ማንም አላስተማረኝም። አብሮኝ የተወለደ ነው።

ወደ ሰው ተኩሼ አላውቅም። ዱላዬንም ከውሻ በቀር የቀመሰው የለም። ይህን ስናገር አንዳንድ የሥራ ጓደኞቼ ፈሪ ስለነበርክ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ጡንቻ አያስፈልገውም እላለሁ። የደሞዙን ነገር አታንሱብኝ፤ እንደ ዝናብ ጎርፍ ነበር፣ መጣ ሲባል ሄዷል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ፀጥ ብሏል። ባለቤቴ አስካለ አርፋለች፤ ልጅ አልወለድንም። ጠዋት በሬን ከፍቼ እቀመጥና የዛሬዎቹ ፖሊሶች በሞተር ሳይክል ሲያልፉ አያለሁ። ጎበዞች ናቸው፣ አላማቸውም። ግን ሞተር ሳይክል ሰላም አይልም። የሰፈር ፖሊስ ሥራው ሰላምታ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ስለሆነ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ሥራ የጀመርኩት ሱሉልታ ነው። ያን ጊዜ ሱሉልታ ከተማ ለመባል ገና ታፍር ነበር፤ ብርድ፣ መስክ፣ ከብትና የተከመረ ድርቆሽ ነበረች። እዚያ ያገኘኋቸው አለቃ ሃምሳ አለቃ ቱሉ ይባላሉ። ከጫንጮ በላይ የተወለዱ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ብል ውሸት አይሆንም፤ ምንም እንኳ ግማሹን ሳይነግሩኝ ራሴ ባውቀውም።

ሃምሳ አለቃ ቱሉ ሽማግሌ ካዩ ከብስክሌታቸው ይወርዳሉ። ከወረዱ በኋላ ስለ ስርቆት አይጠይቁም። መጀመሪያ ከብቶቹ፣ ቀጥሎ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ልጆቹ ይጠየቃሉ። በዚህ መሀል ሽማግሌው ራሱ፣ «ያ የነገሩህ ነገር እኮ» ብሎ ይጀምራል። በአንድ ሰው ቤት አሬራ ከጠጡ በዚያው ቀን በባላጋራው ቤትም ሳይጠጡ አይመለሱም፤ ሆዳቸው ተነፍቶ ሲያቃስቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በሰው ፊት እስክሪብቶ አያወጡም። «እስክሪብቶ የታየ ለት ወሬ ይሞታል» ይሉ ነበር። ገበያ ውስጥ ጩኸት ሲነሳ እኔ ወደ ጩኸቱ ስሮጥ ክንዴን ይይዙኛል።

«ወዴት ነው?»

«ሌባ እያሉ ነው እኮ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ገበያው ሁሉ ወደዚያ ዞሯል። አንተ ያልዞረውን ፈልግ።»

እውነትም ያልዞረ አንድ ሰው ነበር፤ የቅቤ ቅል ጎንበስ ብሎ እያየ። ኪሱ ውስጥ የሰው ቦርሳ ተገኘ። ይህችን ዘዴ እስከ ጡረታዬ ተጠቅሜባታለሁ፤ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም።

ስለ እኔ ሲጠየቁ፣ «ጥላሁን ጆሮው ጥሩ ነው፤ አፉ ግን ጆሮውን ይቀድመዋል» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ተውኩት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን የድርቆሹ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከቤቷ ኮርቻ ተሰረቀባት። ተራ ኮርቻ አልነበረም። ባሏ ለሠርግና ለልቅሶ ፈረሱን የሚጭንበት፣ ዳርና ዳሩ በቀይ ከፋይ የተሠራ፣ ከሟች የቀራት ዕቃ ነው። እኔ ሦስት ሰዎች ጠርጥሬ ልንይዝ ነው ስል ሃምሳ አለቃ ቱሉ ሰፈሩን ሰበሰቡና ነገ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሸክም ድርቆሽ ወደ መስኩ ይምጣ አሉ። ሀብታም ድሃ፣ ሴት ወንድ የለም፤ ሁሉም ተሸክሞ መጥቶ አንድ ቦታ ይጥላል።

በማግሥቱ ሰው ሁሉ እየተሸከመ መጣ። ሃምሳ አለቃው ጀርባቸውን ለክምሩ ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔንም በትከሻዬ ይዘው አዞሩኝ። አንገቴን ልመልስ ስል ጉልበቴን ነኩኝ።

«ማን እንደሆነ እኮ አውቄያለሁ» አልኳቸው።

«እወቅ። ማወቅህን ግን ለራስህ ያዘው።»

ሁሉም ጥሎ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ ክምሩን በመንሽ በተኑት። ኮርቻው ከመሀሉ ወጣ። ማን እንደጣለው የጠየቀ የለም። ድርቆሹም ለሴትየዋ ካሣ ሆኖ ቀረ፤ ላሞቿ ክረምቱን ጠግበው ከረሙ። ወደ ጣቢያ ስንመለስ ሃምሳ አለቃ ቱሉ እንዲህ አሉኝ። «የሰረቀ ሰው መመለስ ይፈልጋል። የመመለሻ መንገድ ካጣ ዕቃውን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ዕቃም የለም ሰውም የለም። ይህ ግን የሚሆነው ጀርባህን ካመኑት ነው። ፊትህንማ ማን ያምናል፣ የፖሊስ ፊት ነው።»

ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። ቡራዩ ሌላ ዓለም ነበር። ከአዲስ አበባ ኪራይ ያባረረው ሰው ሁሉ እዚያ ይከራያል፣ ይገዛል፣ ይሠራል። አንዱን ቦታ ለሁለት ሰው የሚሸጥ ደላላ አለ፤ ሁለቱም ገዢዎች መሠረት ሊያወጡ በአንድ ቀን አካፋ ይዘው ይመጣሉ። ጠዋት ሰው ሁሉ በታክሲ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ሰፈሩ ባዶ ይቀራል። በዚያ ባዶ ሰዓት ቤቶች እየተከፈቱ ቴሌቪዥን መጥፋት ጀመረ። ጎረቤት ያየው ነገር የለም።

እኔ አየሁ። ክረምት ነበር፤ የቡራዩ ጭቃ ደግሞ እግር የሚነቅል ነው። አንድ መዝገብ የያዘ ወጣት ከአንድ ግቢ ሲወጣ አገኘሁት።

«ቆጣሪ ነው የምታነበው?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ።»

«ብዙ አዳረስክ ዛሬ?»

«ኧረ ከጠዋት ጀምሬ እየዞርኩ ነው። እግሬ አለቀ።»

«ጫማህ ግን አላለቀም።»

ጫማው እንደ ሙሽራ ጫማ ያበራ ነበር። አንዲት ባጃጅ ጥጉ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ ከኋላዋ ሁለት ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ከዚያን ቀን ወዲህ የቡራዩ ወጣቶች «ራዳር» የሚል ስም አወጡልኝ። ሳልፍ «ራዳሩ መጣ፣ ሲጋራህን ደብቅ» ይባባላሉ። ደስ አይለኝም ብል ዋሽቻለሁ።

ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን የሚያስጮህ አንድ የፑል ቤት ነበር። ጓደኞቼ ይታሸግ አሉ። እኔ በየቀኑ ሄጄ ከመሀላቸው ተቀመጥኩ።

«ሳጅን፣ እርስዎ እዚህ ከዋሉ እኮ ደንበኛዬ ይሸሻል» አለኝ ባለቤቱ ሲመረው።

«እኔም ደንበኛ ነኝ። ሻይ አምጣ።»

ሳምንት ሳይሞላው መጥቶ በጊዜ ልዝጋ ብሎ ለመነኝ። ወንጀልን በሻይ ያሸነፍኩ እኔ ነኝ። በየስብሰባው እየተነሳሁ፣ «እኔ የማላውቀው ነገር እዚህ ሰፈር አይገባም» ማለት የጀመርኩትም ያኔ ነው። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። አስካለ ብቻ አትስቅም ነበር። ቤት ስንገባ፣ «ጥሌ፣ እንዲያው አንድ ቀን እንኳ ‹እንጃ› ብትል ምን ይጎድልብሃል?» ትለኛለች። እንጃ ብያት አላውቅም።

ከዚያ ሰበታ መጣሁ፤ ቀረሁም። የደረሰኝ ሰፈር ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጥር ሥር ያለው ነው። በአንድ በኩል መሬታቸው ወደ ፋብሪካ የገባባቸው ገበሬዎች አሉ፤ በሌላው በኩል ከደቡብ የመጡ ሠራተኞች በአንድ ክፍል አራት አምስት ሆነው ተከራይተዋል። የሁለቱንም ሟች የሚቀብረው አንድ ዕድር ነው። የዕድሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ሲቀልዱ ፊታቸው የማይንቀሳቀስ ሰው ናቸው። መሬታቸው ከአጥሩ ወዲያ ቀርቷል። «መሬቴን በየቀኑ እጎበኘዋለሁ» ይሉኛል፣ «በአጥሩ ቀዳዳ።»

ሰላም የምንባባለው ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ነው። በእነሱ ልማድ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም። አካም ቡልተኒ ብዬ እጀምራለሁ፣ እንዴት አደሩ ማለት ነው። ነጋኣ ይላሉ፣ ሰላም ማለታቸው ነው። እኔ ከብቶቹን እጠይቃለሁ፣ እሳቸው አስካለን ይጠይቃሉ፣ እኔ ልጆቹን፣ እሳቸው ጉልበቴን። እንዲህ እየተባባልን ግማሽ ጠዋት ይሄዳል። በመጨረሻ ወይ እኔን ወይ ደሞዜን ይሰድባሉ።

«ፖሊስ ከላም በምን ይለያል፣ ጥላሁን?»

«በምን ይለያል?»

«ላም እንኳ ወተት ትሰጣለች።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው አውቄያለሁ። ጓደኛ ያልኩት ግን እሳቸውን ነው።

የማስተር ፕላኑ ወሬ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ። አንድ ጊዜ መሬቱ የሄደበት ገበሬ ቀሪዋን ሊያጣ መሰለው፤ ወጣቱ መንገድ ወጣ። ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ከሁለቱም ወገን የማውቃቸው ልጆች ነበሩ፤ በድንጋዩ ወዲያም በጠመንጃው ወዲህም። አንድ ቀን ፋብሪካው ተቃጠለ። ያቃጠሉት ሌሎች ናቸው፤ እሳቱ ሲበርድ ገብቶ ጨርቅና ብርድ ልብስ የወሰደው ግን የሰፈሬ ሰው ነው፣ ገበሬውም ተከራዩም። ማን ምን እንደወሰደ ከቤት ቤት ልነግራችሁ እችል ነበር። የማን ሕፃን በአዲስ ብርድ ልብስ እንደታቀፈ አይቻለሁ።

ቤት ለቤት ፍተሻ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። ፍተሻ ሲመጣ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ በር ይሰበራል፣ አንዱ ይሮጣል፣ የሮጠው ይተኮስበታል። የጣቢያችን አዛዥ ዘንድ ሄድኩና የሃምሳ አለቃ ቱሉን የድርቆሽ ነገር ነገርኩት። አሰበበትና፣ «ዕቃው ይመለስ እንጂ ስም ምን ያደርግልኛል» አለ። ዛሬም እውነቱን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኦቦ ገመቹ ሰዉን በዕድሩ ቤት ሰበሰቡልኝ። ቆሜ ተናገርኩ። ማንም የወሰደውን አምጥቶ እዚህ ያስቀምጥ፣ ስም አይጠየቅም፣ እኔም ፊቴን አዙሬ ደጅ እቀመጣለሁ አልኩ። ኦቦ ገመቹ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጠየቁኝ።

«ይህ ቃል የማነው? ያንተ ነው ወይስ የጣቢያው?»

«የእኔ ነው።»

«አንተ የማታውቀው ሰው ቢመጣስ?»

«ኦቦ ገመቹ፣ እኔ የማላውቀው ነገር ሰበታ አይገባም።»

ከኋላ አንዱ፣ «ራዳር ነው እኮ» አለ፤ ስሙ ከቡራዩ ተከትሎኝ መጥቷል። ሰው ሳቀ። በሳቁ ነገሩ አለቀ፤ አመኑኝ።

ዕቃው እንደተመለሰበት ቀን ኮርቼ አላውቅም። ፊቴን ወደ መንገዱ፣ ጀርባዬን ወደ ዕድሩ ቤት በር አድርጌ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ኮቴው ይሰማኛል። በአህያ ያመጣ አለ፣ በጋቢው ውስጥ ያመጣ አለ። አንዲት ሴት አንድ ጥቅል ጨርቅ እንደ ሕፃን አዝላ፣ እሹሩሩ እያለች በፊቴ አለፈች። «ስንት ወሩ ነው?» አልኳት። «ገና አራስ ነው፣ ሳጅን» ብላ ገባች። ኦቦ ገመቹ በሩ ላይ ቆመው ሲቀበሉ፣ «ክርስትናው መቼ ነው?» ሲሏት ሰማሁ። እንዲህ እየተሳሳቅን የዕድሩ ቤት እስከ ጣሪያው ሞላ።

ከሰዓት በኋላ ሰው እየቀነሰ ሲመጣ ኦቦ ገመቹ፣ «እንግዲህ ሂድና አለቃህን መኪና ይዞ ይምጣ በለው። ድንኳናችን የሚገባበት ቦታ አጣ» አሉኝ። ተነስቼ ወደ ጣቢያ ሄድኩ። ደስታዬ በእግር የሚያስኬደኝ አልመሰለኝም ነበር።

አዛዡ ቢሮ አልነበረም። ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ስመለስ ድልድዩ ላይ ሁለት ካሚዮኖች ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። የእኛ ጣቢያ መኪኖች አልነበሩም። ከላይ የመጣ ግብረ ኃይል ነው፤ መምጣታቸውን የነገረኝ የለም። እኔ ስወጣ እነሱ በሌላው መንገድ ገብተው፣ በዕድሩ ቤት ደጅ የተገኘውን ሁሉ፣ ጥቅል በእጁ ያለውንም ባዶ እጁን የቆመውንም ጭነውታል። ኦቦ ገመቹ ከኋለኛው መኪና ላይ ከሰዎቹ መሀል ተቀምጠው ነበር። ያቺ እሹሩሩ ያለችውም ነበረች።

ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው መኮንን የደንብ ልብሴን አይቶ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። የእኔም እጅ ተነሳ። አስቤ ያነሳሁት አይደለም። በፖሊስ ማሠልጠኛ ከወጣትነቴ ጀምሮ የተማርኩት ነው፤ መኮንን ሰላም ሲልህ እጅህ ከአንተ ቀድሞ ይሄዳል። መኪናው አለፈ። እጄ ገና ግንባሬ ላይ እያለ ኦቦ ገመቹ በኋላ በኩል ሲያዩኝ አየኋቸው።

ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግሥቱ የግብረ ኃይሉ ኃላፊ አስጠራኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ አንተ እያለ ነው ያናገረኝ።

«ሰፈሩን የምታውቀው አንተ ነህ አሉ። ማን ምን እንዳመጣ ንገረኝ።»

«አላውቅም።»

«ደጁ ላይ ተቀምጠህ ነበር አይደል?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት።»

«ራዳር ነው የሚሉህ አሉ» ብሎ ሳቀ።

«የሰፈር ቀልድ ነው።»

አላመነኝም። የዕቃ ቤት ጠባቂ አድርገው አዛወሩኝ፤ ጡረታዬ እስኪደርስ አሮጌ ጎማና የተሰበረ ወንበር ስጠብቅ ቆየሁ። ስም ግን አልሰጠሁም። አንድም ስም። ይህን ዛሬ እየጻፍኩ ያለሁት እንዲታወቅልኝ ነው።

ሰዎቹ ከወራት በኋላ ተፈቱ። ኦቦ ገመቹ ያ ሁሉ ትከሻ ጠፍቶባቸው መጡ። ለመጠየቅ ብሄድ ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ፣ «አባባ ተኝቷል» አለኝ። ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል። በሌላም ቀን ሄድኩ፣ ተኝተው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ የቆመው ሰው ወሬውን ያቋርጣል። ድሮ ከቤቴ ሱቅ ድረስ ሰላም ስል ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ሱቅ ሄጄ ስመለስ ለሻይ የጣድኩት ውሃ አልፈላም።

ሳላውቅ ነው፣ አታለሉኝ፣ ለእኔም አልነገሩኝም ብዬ ለአንድ ጎረቤቴ አስረዳሁ። በጥሞና ሰማኝና፣ «ጋሼ ጥላሁን፣ እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። ሊሰድበኝ ይሁን ከልቡ ይሁን ፊቱን አይቼ ለማወቅ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

እንግዲህ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ አላውቅም ብያለሁ። ለኃላፊው ያልኩት ውሸት ነበር፣ ለሰፈሬ ያልኩት እውነት። ሁለቱንም ያመነኝ የለም።

አስካለ የሞተችው በዚህ ጊዜ ነው። ሕመሟ ረጅም አልነበረም። ዕድሩ ወርሃዊ መዋጮውን የከፈለ አባል አያባርርም፤ ስለዚህ ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሩ መጣ፣ ድስቱ መጣ። ደንቡ የሚለው ሁሉ ሳይጓደል ተደረገልኝ። መቃብሩን ቆፈሩ፣ ተሸከሙ፣ ቀበሩ። ከቀብር መልስ ግን ሰው ስሙ እስኪጠራ ተቀምጦ፣ አቤት ብሎ፣ እግዜር ያጥናህ ብሎ ሄደ። እኔ ለሌሎች ልቅሶ ስንቱን ሌሊት አድሬያለሁ፤ ስንቱን ሐዘንተኛ በቀልድ አስቄያለሁ። በእኔ ድንኳን የተደረደረው ወንበር ባዶውን ዋለ።

ኦቦ ገመቹ ብቻ አልሄዱም። ሊቀ መንበር ድንኳኑ እስኪነቀል መቀመጥ አለበት፤ ደንብ ነው። እሳቸው በአንደኛው ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ፣ መሀላችን ያ ሁሉ ባዶ አግዳሚ። ሦስቱንም ቀን መጡ። ሦስቱንም ቀን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ድንኳኑ ሲነቀል ካስማዎቹን በእጃቸው ቆጥረው አስጭነው ሄዱ።

ጡረታዬም ደርሶ ከሐዘኔ ስወጣ ሽማግሌ ላክሁ። በኦቦ ገመቹ ግቢ ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት፣ ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንት፣ ነገሩን አቀለሉልኝ።

«ጥላሁን፣ በድያለሁ በል። እሱም ይቅር ይላል። እርጥብ ሣር ይዘን እንመርቃችኋለን፣ አለቀ።»

«አልበደልኩም፣ አባቴ። አላወቅኩም ነበር።»

«ነገሩ እንዲያልቅ ነው እኮ።»

«ያላደረግኩትን አደረግሁ ብዬ እንዲያልቅ አልፈልግም።»

አዛውንቱ ተነፈሱ። ያን ጊዜ ነው ኦቦ ገመቹ ከእስር ከተፈቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ባለሁበት የተናገሩት። የተናገሩት ግን ለእኔ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ ነው።

«እጁን አይቻለሁ» አሉ።

«ልማድ ነው፣ ኦቦ ገመቹ» አልኳቸው። «የፖሊስ ልማድ ነው። እጄ ራሱ ነው የተነሳው። በእግዜር ስም እምላለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልማድ ከሆነ» አሉ፣ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ለእኔ የምትለውም ልማድ ነበር ማለት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሣሩን እንደያዙ ተነሱ።

በማግሥቱ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሄጄ ቆምኩ። ኦቦ ገመቹ የቀሩላቸውን ላሞች እየነዱ ሲያልፉ አካም ቡልተኒ አልኩ። ከብቶቹን ጠየቅኩ፣ ልጆቹን ጠየቅኩ፣ ጉልበታቸውን ጠየቅኩ። አለፉ። በሌላውም ቀን ቆምኩ። ሰው ሲስቅብኝ አይቻለሁ፤ አብዷል ያለም አለ። ልማድ መሆኑን ወይም አለመሆኑን በምን እንደማሳያቸው ሳስብ ሌላ ዘዴ አላገኘሁም። ደንብ ልብስ የለኝም፣ ደሞዝ የለኝም፣ ማንም አላዘዘኝም። አዛዥ የሌለው ሰው በዝናብም በፀሐይም መጥቶ እንዴት አደሩ ካለ፣ ልማድ ነው የሚለው ነገር አንድ ቀን ያልቃል ብዬ ነው።

አሁን የሠራሁትን በአጭሩ ልጻፍ፤ ሌላ ሰው ስለማይጽፍልኝ።

ወደ ሰው ሳልተኩስ ጡረታ ወጣሁ።

በሱሉልታ የከብት ሌቦችን መንገድ ዘጋሁ፤ ሃምሳ አለቃ ቱሉም ረድተውኛል።

በቡራዩ ባዶ ቤት የሚዘርፉትን በጫማቸው ያዝኩ።

የፑል ቤቱን ሳላሽግ ዝም አሰኘሁ።

አንዱን ቦታ ለሁለት የሸጠ ደላላ፣ ሁለቱን ገዢዎች አስታርቄ የአንደኛውን ገንዘብ በእጁ እንዲመልስ አደረግሁ። ያም ከጎን ሌላ ቦታ ገዝቶ ዛሬ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የልጆቻቸው ሠርግ ላይ ግን አልጠሩኝም።

የሰፈሬ ቤቶች ሳይፈተሹ ቀሩ። በር አልተሰበረም፣ በዚያ ሳምንት በእኔ ሰፈር ጥይት አልተተኮሰም። ይህን ማንም አይቆጥርልኝም፤ ቢሆንም ሆኗል።

ስም ተጠየቅሁ፣ አልሰጠሁም።

አስካለን በወግ ቀበርኳት።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ኦቦ ገመቹ ላሞቻቸውን ይዘው ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ እንደ ሁልጊዜው ሰላም አልኳቸው። አልቆሙም። ካለፉኝ በኋላ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ነጋኣ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልደገሙትም። እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደግሞ ጥሩ ነው።